የማይከራከር ገዢ

ሥዕሌን ፊት ለፊት የሚገዛኝ ሰው መጀመሪያ ይሰድበኛል። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ በዓል ሲቃረብ የሐበሻ ባዛር ይዘጋጃል፤ እኔም ሸራዎቼን ደርድሬ እቆማለሁ። አንዲት እናት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይጠጉና «የኔ ልጅ፣ ይህቺ ቡና የምትቀዳው ጀበናውን በግራ እጇ ነው እንዴ የያዘችው?» ይሉኛል። ግራኝ ናት ብላቸው አይዋጥላቸውም። ቀጥለው ሲኒው ማነሱን፣ ረከቦቱ መጥበቡን፣ ቄጤማው የተጎዘጎዘ ሳይሆን ወለሉ ላይ የበቀለ መምሰሉን ይነግሩኛል። ከዚያ ዋጋ ይጠይቃሉ። ስነግራቸው «ውይ!» ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ። ግማሹን ይሰጡኛል። እምላለሁ። ይሄዳሉ። ዞር ዞር ብለው ይመለሳሉ። በመጨረሻ «ከሶፋዬ ጋር ካልሄደ ትመልስልኛለህ» ተባብለን፣ ጠቅልዬ መኪናቸው ድረስ እሸከምላቸዋለሁ።

ሥዕል የሚሸጠው እንዲህ ነው። መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝና የማይከራከር ገዢ ሳይ ኪሴን እዳብሳለሁ።

ድረ ገጽ ከፍቼ ሥራዎቼን ከነዋጋቸው ካስቀመጥኩ ወዲህ ደግሞ የሚመጣልኝ የማይከራከር ብቻ ሆኗል። ደብዳቤው ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰውዬው ሚስቱ በእሱ ላፕቶፕ የእኔን ድረ ገጽ ስታይ ደርሶባታል። ሥራዬን ሳትወደው አልቀረችም ብሎ ይገምታል። እሱም ራሱ ተደንቋል። የጋብቻ በዓላቸው ስለተቃረበ አንዱን ገዝቶ በድንገት ሊያስደስታት አስቧል። የትኛውን እንደሆነ አይናገርም፤ «ሥራህን» ነው የሚለው። አንዲት ሸክላ የምትሠራ ጎረቤቴ፣ አንድ ፎቶ አንሺና እኔ ስልካችንን አውጥተን ብናመሳክር፣ ያቺው ሚስት የሁላችንንም ድረ ገጽ ስታይ ተይዛለች፤ ያውም በተለያየ ባል ላፕቶፕ። ሴትዮዋ መቼ እንደምትተኛ እግዜር ይወቅ።

ባልየው ደግሞ የብስ ላይ አይገኝም። ወይ ባሕር ላይ ያለ የመርከብ መሐንዲስ ነው፣ ወይ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፊሊፒንስ ሊዛወር ነው። ስልክ አይሠራለትም፣ ኢሜይል ግን እንደ ጉድ ይሠራለታል። ሥዕሉን መጥቶ የሚወስደው የቤት ዕቃውን የሚያጓጉዝለት ሰው ነው። ክፍያው በቼክ።

ብዙ ሰው ሰዓሊ በዚህ የሚያዘው ገንዘብ ስለቸገረው ይመስለዋል። ገንዘብማ ማን ያልቸገረው አለ! የሚይዘን ሌላ ነው፤ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ለመሳል የሚያነሳሳህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አለበት። ይህን ተጠይቆ ዝም የሚል ሰዓሊ እስካሁን አላየሁም። አንድ ወዳጄ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጣና ንጋት፣ ስለ ሰማያዊ ቀለም ባሕርይ ልቡን ገልብጦ ረጅም መልስ ጻፈለት። የባልየው ምላሽ አንድ መስመር ነበር፤ «በጣም ጥሩ። ቼኩን በማን ስም ላጽፈው?»

ቼኩ በፖስታ መጣ። የሥዕሉ ዋጋ 1,200 ዶላር፣ ቼኩ ላይ የተጻፈው 3,800። የአጓጓዡ ሒሳብ አብሮ ስለገባ ነው፣ ትርፉን ለእሱ ላክለት ተባለ። ቼኩ አገር ቤት ሲፒኦ የምንለው ዓይነት ነው፤ ባንክ ራሱ የሚያወጣው፣ ስለዚህም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምነው። ወዳጄ አስገባው፣ በማግስቱ ሒሳቡን ቢያይ ገንዘቡ ቁጭ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ባንኮች የደንበኛን ገንዘብ «ቼኩ እየተጣራ ነው» እያሉ ከተወሰነ ጊዜ በላይ አስረው እንዳያቆዩ ያዛል፤ እንዲህ ላለው ቼክ በተለመደው ሁኔታ፣ እስከ ተወሰነ መጠን፣ በማግስቱ የሥራ ቀን ይለቀቃል። ደንበኛን ለመጥቀም የወጣ ሕግ ነው፣ አጭበርባሪውንም ጠቀመው። ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለምና። ፎርጅድ መሆኑ የሚታወቀው አንዳንዴ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባንኩ 3,800ውን ከሒሳቡ መልሶ አነሳ፤ ለ«አጓጓዡ» የሄደው 2,600 ግን የወዳጄ የገዛ ላቡ ነበር። (አዲስ አበባ ቢሆን፣ ከውጭ የመጣ ቼክ ተጣርቶ ገንዘብ እስኪሆን አጭበርባሪው ተሰላችቶ ሥራ ይቀይር ነበር። የባንኮቻችንን መዘግየት ሳማ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገንኩት ያኔ ነው።)

ወዳጄን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ገንዘቡ አይደለም። ሥዕሉን ጠቅልሎ፣ በሩ ሥር አቁሞ ጠብቆ ነበር። ሊወስደው የመጣ የለም። «ሌባ እንኳ አልፈለገውም እኮ!» ይላል። ምን ብዬ እንደማጽናናው ጠፍቶኝ «መጓጓዣው ከብዶት ይሆናል» አልኩት።

እንዲህ ያለው ገንዘብ ለዓመታት የተላከው እኛ ለእናቶቻችን በምንልክበት መስኮት ነበር። ዌስተርን ዩኒየን አጭበርባሪዎች ሲገለገሉበት በወጉ አልተቆጣጠረም ተብሎ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በመስማማት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ቃል ገብቷል። አሁን ወረፋውም ቀርቷል፤ ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ይሸኘዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሌብነት ተነስቶ የፓሪስ ፖሊስ የምርመራ ሹም የሆነው ፈረንሳዊው ቪዶክ፣ እ.ኤ.አ. በ1828 መታተም በጀመረው የሕይወት ታሪኩ እስረኞች ለባለጸጎች ስለሚጽፉት ደብዳቤ ይተርካል። ጸሐፊው አብዮቱን የሸሹ መኳንንት አሽከር ነኝ ይላል፤ ወርቅና አልማዝ የሞላ ሣጥን ደብቀው ነበር፤ እሱ አሁን ታስሯል፤ ሣጥኑን ለማስገኘት ጥቂት ገንዘብ ብቻ ጎድሎታል። ቪዶክ እንደሚለው ከመቶው ደብዳቤ ሃያው መልስ ያገኝ ነበር። መጠሪያቸው «የኢየሩሳሌም ደብዳቤ» ነው። እኛ ሰፈር ከኢየሩሳሌም ደብዳቤ መጣ ቢባል መቶውም መልስ ያገኛል፣ ከነስለቱ።

ኮርማክ ኸርሊ የተባለ የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፣ አጭበርባሪዎች ለምን ማንም የሚነቃበት ተረት ይጽፋሉ ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤ መበተን ወጪ የለውም፤ አድካሚው ከመለሰው ሰው ጋር መጻጻፉ ነው። ስለዚህ ጠርጣራውን ገና ከደጅ የሚመልስ፣ የዋሁን ብቻ የሚያስገባ ደብዳቤ ያዋጣቸዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የባልየውን የተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደ ውለታ እቆጥረው ነበር። ሰሞኑን ግን ውለታው ቀረ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እጁን አስገብቶበት ይሆናል፣ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሰዋስው ከእኔ ይሻላል። አንዱማ ሥዕሌን በስሙ ጠርቶ፣ ስለ ብርሃንና ጥላው እንዲህ አሳምሮ ቢጽፍልኝ፣ ለቀጣዩ ኤግዚቢሽን መግለጫ ላደርገው ዳር ዳር ብያለሁ።

መሃል ላይ ኤንኤፍቲ የሚሉት፣ የዲጂታል ሥራ ባለቤትነት የሚሸጥበት ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ቤት ቢፕል የተባለውን አርቲስት ዲጂታል ሥራ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ኢንስታግራሜ በደግ ሰው ተጥለቀለቀ። አንድ ቁንጫ የምታህል የእርሳስ ንድፌን ኢቴሪየም በሚሉት ዲጂታል ገንዘብ በውድ እገዛሃለሁ የሚለኝ አያጣም። ታዲያ መጀመሪያ እሱ በጠቆመኝ ገበያ መመዝገብና «የጋዝ» የሚሉትን ክፍያ መክፈል አለብኝ። ገበያውም የእሱ፣ ጋዙም የእሱ፣ ገዢውም እሱ። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ መስለው ተቀምጠው ሿሿ የሚሠሩት የአዲስ አበባ ልጆች እንኳ ቢያንስ መኪናውን እውነተኛ ያደርጉታል።

ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ መስጠት አይመከርም፤ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን ማብሰር ነው። እኔ ግን አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ ቀለሙ አልደርቅ ሲለኝ፣ ባልየውን በመርካቶ ሕግ ልፈትነው አሰብኩ። 900 ዶላር ለምለው ሥዕል 4,000 ጠራሁበት።

«ዋጋው ተስማምቶኛል» አለ።

ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው፣ 9,000 ነው አልኩት።

«ተስማምቶኛል። ግሩም ሥራ ነው።»

ፍሬሙን ምስጥ እንደበላው ነገርኩት። ሚስቱ ያረጀ ነገር እንደምትወድ መለሰልኝ። ሸራው መሃሉ ላይ ተቀዷል አልኩት። ይህንንም እንደምትወድ ጻፈልኝ። በስተመጨረሻ «ወንድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር ትንሽ ቀንስልኝ በለኝ!» ብዬ ለመንኩት። ቼኩ ሰኞ እንደሚላክ አረጋገጠልኝ።

ተስፋ ቆርጬ ሥዕሉ ተሽጧል አልኩት። የገዛችው ባለቤትህ ናት፤ አንተን በድንገት ልታስደስትህ ፈልጋ ነው፤ አደራህን፣ እንዳወቅህባት እንዳትነግራት ብዬ ጻፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ መለሰ። በዜናው እጅግ መደሰቱን ገልጾ፣ ሌላ የሚሸጥ ሥራ ካለኝ ቼኩን በማን ስም እንደሚያጽፈው ጠየቀኝ።