በዘመነ ማቴዎስ የተያዘው በርበሬ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እማዬ፣ ለአባዬ፣ ለማሚቱና ለመላው ቤተሰብ፤

ከናፍቆታችሁና ከመኪና ማቆሚያ በቀር ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም።

እማዬ፣ ለዕድሩ ሰዎች «ልጄ አሜሪካ ሆቴል ከፈተ» ብለሽ ማውራትሽን ሰምቻለሁ። ሻምበል ደውለው «ስንት አልጋ አለው?» ብለውኛል። አልጋ የለውም። አራት ጎማ፣ አንድ መስኮትና ሲነሳ ሰፈሩን አብሮ የሚያስነሳ ጄኔሬተር አለው። እዚህ ፉድ ትራክ ይሉታል። አባዬ ደግሞ «አካውንቲንግ አስተምሬው ወጥ ቸርቻሪ ሆነ» ብለህ አዝነሃል አሉ። አትዘን አባዬ፤ የእኔ መኪና ቢያንስ ቢያንስ ይነሳል። ያቺ ሰማያዊ መኪናህ ዶሮዎቹ ከገቡባት ወዲህ ከግቢ ወጥታ ታውቃለች?

ሥራው ወጥ መሥራት ብቻ አይምሰላችሁ። ቤት አብስሎ መሸጥ ስለማይፈቀድ የጋራ ኩሽና ተከራይቻለሁ፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ገብቼ ምስሩን፣ ሽሮውንና ጎመኑን እጥዳለሁ። ጄኔሬተሬ ማቀዝቀዣና ምጣድ አንድ ላይ ስለማይችል እንጀራውን ከጋጋሪዎች እረከባለሁ። መኪናዋ ውስጥ ሦስት ማጠቢያ ተደርድሯል፤ አንዱ ለማጠብ፣ አንዱ ለማለቅለቅ፣ አንዱ ጀርም ለመግደል። የእጅ መታጠቢያው ደግሞ ለብቻው ነው። እማዬ፣ በአንድ ሳፋ የማሚቱን ሠርግ ያሳለፍሽ ሴት ይህን ብታዪ ፈቃዱን ለእኔ መስጠታቸው ይገርምሽ ነበር።

ቢሮ በሚበዛበት መሀል ከተማ፣ ለምሳሌ ፋራጉት ስኩዌር፣ ለምሳ ሰዓት መቆሚያ የሚገኘው በየወሩ በሚወጣ ዕጣ ነው። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ ልዩነቱ ዕጣው ሲደርስህ ከፋዩ አንተው መሆንህ ነው። ያልደረሰው ሰው ቆጣሪ ያለበት ቦታ ሲፈልግ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ገበያው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይደራል፤ ከኮሮና ወዲህ ሰኞና ዓርብ ብዙው ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ ነው የሚሠራው። በብዛት የሚሸጥልኝም የጾም ምግብ ነው። እዚህ ሰው ሳይጾም ዓመቱን ሙሉ የጾም ይበላል። እንጀራውን ወጥ ጨምሬበት፣ ጠቅልዬ፣ በወረቀት እሰጠዋለሁ፤ እየሄደ ይበላል። እማዬ፣ ይህን ለእትዬ እንዳታነቢላት።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ጥቅምት ውስጥ፣ ሰልፉ መታጠፊያው ድረስ ደርሶ ሳለ የጤና ተቆጣጣሪ መጣ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሰው አክባሪ፣ ቴርሞሜትር የያዘ ሰው ነው። ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴልሺየስ መውረድ፣ ቀዝቃዛውም ከ5 መውጣት የለበትም። ሽሮዬ እየተንተከተከ ስለነበር ቴርሞሜትሩን ሲሰካበት ፈንጥቆ ሸሚዙ ላይ አረፈ። እሱ ግን ሳይቆጣ «አልፏል» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ ጎንበስ ሲል ከምሳ ዕቃዬ አጠገብ ያቺን በሰው የላካችሁልኝን በርበሬ አገኘ። ማሚቱ በዚያ መምህራኑን ባስለቀሰ የእጅ ጽሑፏ «ሚያዝያ 2016» ብላበታለች። ሚያዝያን ማንበብ አልቻለም፤ 2016ን ግን አሳምሮ አነበበ።

«ይህ ስምንት ዓመት ሆኖታል» አለኝ።

«ስድስት ወሩ ነው» አልኩት።

«2016 ይላል፤ አሁን 2024 ነው።»

«እዚህ ነው እንጂ እኛ ጋ 2017 ነው።»

ቴርሞሜትሩን እኔ ላይ የሚሰካብኝ መሰለኝ። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሰባት ነው አልኩት። ደመረና «እንግዲያው የ2023 ነው» አለ። «የለም፣ በርበሬው ሲፈጭ ልዩነቱ ስምንት ነበር» አልኩት። «ልዩነቱም ይለዋወጣል?» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ይሄኔ ምስር የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ባለታክሲ «ቆይ፣ እኔ ላስረዳው» ብለው ሰልፉን ጥሰው መጡ። ከዓለም ፍጥረት ጀመሩለት። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በአንድ እጄ ጎመን እየጨለፍኩ እተረጉማለሁ። 5500 ላይ 2017 ሲደመር 7517፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ስለሚተርፍ ዘመነ ማቴዎስ ነው። አምና ግን ያለ ቀሪ ስለተካፈለ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ስለዚህ በርበሬው በዘመነ ዮሐንስ ተፈጭቶ በዘመነ ማቴዎስ ተያዘ ማለት ነው! ምስኪኑ ሰውዬ ቅጹን ገልብጦ አየ፤ ማቴዎስ የሚገባበት ሳጥን የለውም። አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን ሲነግሩት ማቀዝቀዣው ላይ ተቀመጠ።

በመጨረሻ «ማነው ያዘጋጀው?» አለ። «እናቴ፣ ቤቷ» አልኩ በኩራት። ፊቱ በራ፤ የሚያውቀው ሕግ ተገኘ! በመኖሪያ ቤት የተዘጋጀ ለደንበኛ አይቀርብም። ለራሴ ምሳ እንደሆነ ነግሬ፣ የምሸጥበትን በርበሬ ከነደረሰኙ አሳየሁትና ተግባባን፤ እማዬ፣ ያንቺው ግን ከመኪናው ይውጣ አለ። ባለታክሲው በአደራ ወሰዱት። ማታ ሲመልሱልኝ ግማሽ ሆኗል። «ሁለት ዘመን የተሻገረ ነገር መጉደሉ አይቀርም» አሉኝ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ፈረንጆች ደግሞ ዛሬም ድረስ «ያንን ስምንት ዓመት የቆየውን ጨምርልኝ» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለኝ ስነግራቸው ለወዳጅ የደበቅሁት እየመሰላቸው ይጠቅሱኛል።

ያን ዕለት ማታ መኪናዋን አጥቤ ስጨርስ በተረፈችው በርበሬ ሽሮ ሠራሁ። ቤቱ የእማዬን ጓዳ ሸተተ። ጎርሼ ሁለተኛውን ስጠቀልል እጄ ወደ ጎን ሄደ፤ የማጎርሰው ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አገር ሳበላ ውዬ ማታ «እንብላ» የምለው አጣሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር የላይኛው ጎረቤቴ ማንኮራፋት ጀመረ፤ አባዬ፣ ቁርጥ ያንተን! ብቻዬን እየሳቅሁ ያንተንም ድርሻ በላሁት።

እንግዲህ እማዬ፣ ለዕድሩ ሆቴል ነው ማለትሽን ቀጥይ፤ አልጋ ግን እንዳትጨምሪበት። ሻምበል መምጣታቸው ነው። ማሚቱ፣ የጠየቅሽኝን ስልክ ሰው ሲመጣ እልካለሁ፤ አንቺም በርበሬ ስትልኪ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊበት። ግማሽ ኪሎም ጨምሪ፤ ባለታክሲው ምስር በመጣላቸው ቁጥር ስለ ጤናሽ ይጠይቃሉ።

ናፋቂያችሁ