የአህያ ልጅ

አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ፈረሶችና አህዮች ነጋዴ የሌለበት የራሳቸውን ሲራራ አቋቋሙ። ከጎጃም ባሶ ገበያ አሞሌ ጭነው፣ አባይን ተሻግረው ሊሙ ሊያደርሱ ተስማሙና እመት በቅሎን መሪ አደረጓት።

ሹመቷ ብዙዎችን አስኮረፈ። ፈረሶቹ «የአህያ ልጅ ትምራን?» አሉ። አህዮቹም «አባትሽ ማን ነው ሲሏት እናቴ ፈረስ ናት የምትል፣ እኛን ከምን ልትቆጥረን ነው?» ብለው አሟት። ይህን የሰማች ጦጣ ከዛፍ ወርዳ «ከፈረሶች ጋር ስትውዪ የእናትሽን፣ ከአህዮች ጋር ስታመሺ የአባትሽን ወገን አንሺ፤ ሁሉም ይወድሻል» ስትል መከረቻት።

እመት በቅሎ ግን ሁሉንም ሰበሰበች። «አባቴ አህያ ነው፤ እናቴ ፈረስ ናት። ለሐሜት እንዳትቸገሩ እኔው ነገርኳችሁ። አሁን ጭነታችንን እንከፋፈል» አለች። ራሷ ከማንም ያላነሰ ተሸከመች፤ አብዝቶ ለሚያማት ለሽማግሌው ለአያ አህዮ ደግሞ ዕድሜውን አይታ አቀለለችለት። የጠሏት ግን መጥላታቸውን አልተዉም።

በግንቦት ማብቂያ የአባይን በረሃ ወርደው መልካው ሲደርሱ አያ አህዮ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ወደ ላይ አገር ሰማዩ ጠቁሯል። ዛሬ የገባ ከነጭነቱ ይሄዳል» አለ።

«ምቀኝነቱ ነው! ጉዞሽን ሊያሰናክል ፈልጎ ነው» አሉ ፈረሶቹ።

«እኔን አይወደኝም፤ አባይን ግን ያውቃል» አለችና ሁሉንም ወደ ዳገቱ መልሳ ጭነቱን አስወረደች። ሌሊቱን ደራሽ ውሃ ግንድ እየገረሰሰ ወረደ።

ሲነጋ «አሞሌውን ከመሟሟት፣ እኛንም ከመወሰድ ያተረፈን አያ አህዮ ነው» ብላ በሁሉም ፊት ተናገረች። እሱም ጆሮውን አራግፎ «አሁንም አልወድሽም፤ ውሃው ሲጎድል ግን ቀድሜ ገብቼ መልካውን አሳይሻለሁ» አለ። እንዳለውም አደረገ። አሞሌው አንድም ሳይጎድል ሊሙ ገባ።

አንተም በማይወዱህ ባልደረቦች መሀል የተሾምክ አለቃ፣ የጦጣን ምክር አትስማ። ማንነትህን አትሸሽግ፤ ሸክሙን በፍርድ አካፍል፤ እውነት ከሚጠላህ አፍ ብትወጣም ተቀበላት፣ የማን እንደሆነችም ተናገር። መውደድና መጥላት የእነሱ ፈንታ ነው፤ ጨውን ማድረስ ግን ያንተ ነው።