ጉዳዩ፦ ለነፃው ጂም ምስጋና ስለማቅረብ

ይድረስ ከአራት ኪሎ ነቅለው የካ አባዶ ለተከሉን፣ ስምዎን ለማላውቀው ፕላን አውጪ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤና ከቦርጬ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ዕጣ የወጣልኝ የ20/80 ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ለጤናዬ አስበው መሆኑ ገባኝ። ከምድር እስከ በሬ 72 ደረጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ውሃው በፈረቃ ይመጣና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በቀኝ እጄ አንጠልጥዬ እጀምራለሁ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወደ ግራ እቀይራለሁ። ቦሌ ላይ ሰው ለዚህ በየወሩ ይከፍላል።

ሳይንሱም ከእርስዎ ጋር ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አነጻጽሮ ነበር። ቲኬት ቆራጮቹ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ስለሚውሉ፣ ተቀምጠው ከሚነዱት ሹፌሮች ይልቅ የልብ ሕመም ብዙም አያጠቃቸውም። ይህን ሳነብ ማቱሳላን የምበልጥ መሰለኝ። ችግሩ፣ እኔ ደረጃዋን የምወጣት ማታ አንዴ ነው። የቀረውን ቀን ሹፌር ነኝ፣ ያውም መሪ ያልጨበጠ።

አራት ኪሎ ሳለሁ ፒያሳ ወዳለው ሥራዬ በእግሬ 20 ደቂቃ ነበር፤ መመለሻው ሌላ 20። በ5 የሥራ ቀን 200 ደቂቃ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሳላውቀው 50 ደቂቃ ትርፍ ነበረኝ። ዛሬ ትርፉ ራሴ ሆኛለሁ። መገናኛ ድረስ፣ ከዚያ ሌላ ሰልፍ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል በአንድ ጎን መቀመጫዬ ተንጠልጥዬ ሰዓት ተኩል እጓዛለሁ። ሰውነቴ የሚንቀሳቀሰው ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲገባ ብቻ ነው።

«ኃይሌ ገብረሥላሴስ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቀው አልነበር?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይርቀው ነበር። ግን የአሰላው ልጅ በእግሩ ነበር የሚሮጠው፤ ትርፍ አድርጎ የሚጭነው ሚኒባስ አላገኘም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ከበሬ ፊት ለፊት ያሉት እማማ ናቸው። ዱሮ ለኪዳን ሥላሴ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር፤ ዳገቱን ከእኔ ቀድመው ይጨርሱታል፣ መንገድ ላይም ሦስት ሰው ይስማሉ። አሁን ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ብሏል። በረንዳ ላይ ቆመው በሲባጎ የታሰረ ፌስታል ወደ ታች ይለቃሉ፤ ውስጡ 100 ብርና በእስክርቢቶ የተጻፈ ወረቀት አለ። የሱቁ ልጅ ቲማቲሙንና መልሱን ከቶ «እማማ፣ ይሳቡ!» ይላል። እሳቸውም ይስባሉ። በሳምንት ውስጥ የሚሠሩት ስፖርት ይኸው ነው። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ሲባጎው ተበጥሶ እንቁላሉ ሁሉ አንደኛ ፎቅ ላይ ፈሰሰ። እማማ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እሑድ እሑድ ደግሞ የድሮ ሠፈራችንን እናያለን። የእግረኛ መንገዱ እንዴት አምሯል! ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ብስክሌት እንኳ የራሱ መስመር ተሰምሮለታል። ሚስቴ ስኒከር ታደርጋለች፣ እኔም ቱታዬን እለብሳለሁ፣ በሁለት ታክሲ እንደርሳለን፣ ሃያ ደቂቃ እንራመዳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ በሁለት ታክሲ እንመለሳለን። መራመጃው ሲሠራ ተራማጁ መነሣቱ የፕላን ስህተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሐሜት አልሰማም።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ደም ግፊቴን ለክቶ «ወደ ሥራህ በእግርህ ሂድ» አለኝ። የት እንደምኖር ስነግረው እስክርቢቶውን አስቀምጦ ዝም አለ፤ እሱም ለካ የሚኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። እባክዎ አንድ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከእኔ ጋር ይሰለፉ። ቦታ እይዝልዎታለሁ።

ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ነገር ግን ከታች «ውሃ መጣ!» እየተባለ ነው። የእማማን ጀሪካን ጨምሮ ሁለት ይዤ ልውረድ።

ከሠላምታ ጋር
ትርፉ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ሱሪዬን በየስድስት ወሩ ለሚያሰፋልኝ ልብስ ሰፊ