ጉዳዩ፦ ስላዛወራችሁልን መምህር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። አቤቱታ መጻፍ ትተናል። መዝገብ ቤታችሁ ገቢ እያደረገ ያስቀመጣቸው ስላሉ ተጨማሪ ሸክም ልንሆንባችሁ አንፈልግም።

«ማርክሽን ቤት መጥተሽ አስተካክዪ» የተባለችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እዚያ የደረሰባትን ለእናቷ የነገረች ዕለት፣ ሳይውል ሳያድር ሽማግሌ ላካችሁ። ቡና ተፈላ። «የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ» ተባለ፣ «የመምህሩም እንጀራ እንዳይዘጋ» ተባለ፣ አባቷ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። በሳምንቱ «የመማር ማስተማሩ ሥራ እንዳይስተጓጎል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ወጣ፤ ማኅተሙ ቁልጭ ያለ ነበር። መምህሩ ወንዝ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ተዛወሩ። እዚያም ስምንተኛ ክፍል አለ። ልጅቷ በበኩሏ ትምህርቷን ያቋረጠችው በራሷ ጊዜ ስለሆነ፣ ለእሷ ደብዳቤ መጻፍ እንኳ አላስፈለጋችሁም።

ከወላጆች አንዱ ነገር ፈላጊ ነውና የወንጀል ሕጉን ገልጦ አነበበልን። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ በደል የፈጸመን ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ተበዳይዋ የራሱ ተማሪ ከሆነች ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። «ወንዝ ማዶ መመደብ» የሚል ቅጣት ግን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። በመመሪያ ያሻሻላችሁት ይሆናል ብለን አለፍነው።

ለታሪክ ቅርስ ያላችሁ አክብሮትም ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር መንገድ ይከፍት ነበር። አበራሽ በቀለ በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አርሲ ውስጥ የተጠለፈችው ያ ሕግ ገና ሳይሻር ነው። አሁን ተሽሯል፤ መንፈሱን ግን እናንተ በፋይል ቁም ሣጥን ጠብቃችሁ አቆይታችሁልናል።

የሴቶቹን መጸዳጃ ቤትም እናመስግን። መቀርቀሪያው ከወለቀ ጀምሮ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትቆማለች። ውኃ ስለሌለ የወር አበባ የመጣባት ቤቷ ትውላለች። በሩብ ዓመቱ ሪፖርታችሁ «የእርስ በርስ መደጋገፍ ባህል ዳብሯል» ብላችሁ ስታሰፍሩ ይህን ማለታችሁ መሆኑን ቆይቶ ነው የገባን። የዘበኛው ትጋትም አይረሳም፤ ዓይኑን ከሴቶቹ ቀሚስ ርዝመት ላይ ነቅሎ አያውቅም። በወንዶቹ በኩል የሚለካ ነገር የተገኘ አይመስልም።

የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ሲመጣ፣ እነዚሁ ልጆች መፈክር ይዘው ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ። ንግግሩ ረጅም ነው።

የጥቆማ ሳጥኑም አለ። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጎን፣ «ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም» የሚል ተለጥፎበት ተሰቅሏል። ቁልፉ በዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ ኪስ ነበር። ሰብሳቢው የተዛወሩት መምህር ናቸው። ቁልፉን አስረክበው ይሂዱ፣ ይዘውት ይሂዱ፣ የነገረን የለም፤ ሳጥኑ እስካሁን እንደተቆለፈ ነው።

ምስጋናችን እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ሌላ ልጅ አፍ አውጥታ ስትናገር ሽማግሌ አትላኩ፣ የዝውውር ደብዳቤም አታርቅቁ። ሳጥኑን ስበሩት፤ ውስጡ የተገኘውን ለመርማሪ አስረክቡ።

ከሠላምታ ጋር
የተማሪ ወላጆች

ግልባጭ፦
ለወንዝ ማዶ ተማሪዎች ወላጆች፤ መምህሩ ለምን እንደመጡ የነገራቸው ስለሌለ።
ለወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፤ ጉዳዩ ከመጀመሪያው መቅረብ የነበረበት እዚያ ስለሆነ።