ብሎን የማዞር አመሌ

አርሲ ውስጥ በሁሩታ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች ስንዴ እንዴት እንደሚዘራ እየመከርኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። የምክሬ ሁሉ ቁንጮ አንዲት ናት፦ «አንዱን ብቻ ቀይር፣ ሌላውን አትንካ።» ማዳበሪያ ልትሞክር ከፈለግህ ዘሩን አትለውጥ፤ ዘር ልትሞክር ከፈለግህ የምትዘራበትን ቀን አትለውጥ። አለዚያ ምርቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ምክንያቱን አታገኘውም። እውነቱን ለመናገር የአርሲ ገበሬ ይህን ከእኔ አልተማረም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁሉም ካዱ እያለ የሚጠራው፣ በስዊድን እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገሩ ሰርቶ ማሳያ ሲያይ የኖረ ነው። ቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም ከእኛ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ያችኑ ምክር ራሴ ያገኘኋት አስመስዬ እደጋግማታለሁ፤ ገበሬዎቹም ጨዋ ስለሆኑ ይሰሙኛል።

ማታ ቤቴ ስገባ ይህን ሁሉ ከጫማዬ ጋር በር ላይ አወልቀዋለሁ። ማስረጃው የስፌት መኪናችን ነው።

መኪናዋን የገዛኋት ሳይቸግር ጤፍ ብድር በሚሉት ዓይነት ነው። ነሐሴ እንደገባ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሰዎች በር ላይ ወላጅ ተኮልኩሎ፣ ዋጋውም ካምናው ጨምሮ አየሁና «ለአንዲት ጉርድ ቀሚስ ይህን ሁሉ? ራሴ እሰፋዋለሁ!» አልኩ። ባለቤቴ «አንተ? ቁልፍ መትከል መቼ ቻልክና?» አለችኝ። ይህን ባትለኝ ኖሮ ነገሩ በወሬ ይቀር ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋቴ እልህ ነው፤ መኪና የሚያህል ነገር የገዛሁት ጨርቅ ለመስፋት ሳይሆን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ያገለገለች፣ ጥቁር፣ በእግር የምትረገጥ ናት። ሲንጀር ድሮ ያወጣውን፣ በኋላ ጃፓኖችም ቻይናዎችም ሲቀዱት የኖሩትን ዓይነት ናት። የዚህ መኪና ምሥጢር ሁለት ክር መሆኑ ነው። ላይኛው ክር ወደ መርፌው ከመውረዱ በፊት በሁለት ክብ ቆርቆሮዎች መሀል ያልፋል። ከፊታቸው ሞላ አለ፤ ማጥበቂያውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ሞላው ቆርቆሮዎቹን ያቀራርባል፣ ክሩም ይያዛል። ታችኛው ክር ቦቢን ላይ ተጠምጥሞ በብረት ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ በቤቱ ጎን ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ብሎን አለች። ሁለቱ ክሮች እኩል ከተሳቡ የሚቆላለፉት በጨርቁ ውፍረት ውስጥ ስለሆነ ከላይም ከታችም የሚታየው ንጹሕ ስፌት ነው። ላይኛው ከላላ ግን ታችኛው ያሸንፈውና ጎትቶ ከጨርቁ ሥር ያወጣዋል። ስለዚህ ከሥር ቀለበት እየሠራ የሚከመረው ክር የላይኛው ነው፤ ጥፋቱም ያለው ከላይ ነው።

ይህን የማወራው ዛሬ ስለሆነ ነው። ያኔ የማውቀው፣ ጥፋተኛ የሚገኘው ጥፋቱ የታየበት ቦታ ነው የሚለውን ብቻ ነበር።

የልጄን ጉርድ በቁራጭ ጨርቅ ሳልሞክር በቀጥታ ቴትሮኑ ላይ ጀመርኩት። ከላይ ሲታይ ቀጥ ያለ ስፌት ወጣልኝ። ኮራሁ፤ ባለቤቴንም ጠርቼ አሳየኋት። ምንም አልተናገረችም፤ ጨርቁን ብቻ ገለበጠችው። ከሥሩ ጣት የሚያስገባ የክር ትብትብ ተከምሯል።

ችግሩ የታየው ከታች ስለሆነ የታችኛዋን ብሎን አጠበቅኋት። ባሰበት። እንግዲያው ትላላ ብዬ ሳላላት ጨርሳ ወጥታ ወደቀችና በባትሪ ብርሃን ወለል ስንፈልግ አመሸን። ተገኝታ ስትመለስ፣ እጄ ካቻቢቴ እንደያዘ የላይኛውንም ጨርሼ አጠበቅሁት። ያልተዳሰሰ ነገር እንዳይቀር መርፌውን ቀየርኩ፣ የክሩን ዓይነት ቀየርኩ፣ የስፌቱን ርዝመትም ቀየርኩ። ሁሉንም በአንድ ምሽት። አንድ ገበሬ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የመዝሪያውን ቀን አንድ ላይ ለውጦ «ለምን እንዳልበቀለ ንገረኝ» ቢለኝ ጎረቤቶቹን ሰብስቤ መማሪያ አደርገው ነበር። እዚህ ግን ሰርቶ ማሳያውም ተሰብሳቢውም እኔው ብቻ ነበርኩ። በመጨረሻ ላይኛው ክር ሁለት ክንድ ሳይሰፋ ከሥር ተተብትቦ የሚበጠስ ሆነ፤ ታችኛውም ማን እንደያዘው አይታወቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ስስቴንም ልናገር። ክር የምገዛው በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ርካሹን እየመረጥኩ ነው። ርካሽ ክር አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን ነው፤ ብናኙም በቆርቆሮዎቹ መሀል ይሰገሰግና ማጥበቂያውን ዋጋ ያሳጣዋል። መኪናዋ መጮህ ስትጀምር ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት መግዛት ከብዶኝ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት ቀዳሁላት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ቆይቶ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆነና ፔዳሉን ለመርገጥ ጉልበት የሚያስፈልግ ሆነ። ባለቤቴ ወጡ ለምን ዘይት እንዳነሰው ስትጠይቅ አላወቅሁም አልኩ።

የስፌት መኪና ሰው ያስፈራበት ዘመንም ነበር። ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ በአንድ ክር ብቻ የሚሰፋ መኪና ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ፓሪስ ውስጥ የወታደር ልብስ መስፊያ ቤት ሲከፍት የከተማዋ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ገቡና መኪኖቹን ሰባበሩበት። ከዓመታት በኋላ፣ በ1846፣ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ሁለት ክር የሚያቆላልፈውን መኪና አስመዘገበ፤ አይዛክ ሲንጀርም በ1851 የራሱን ይዞ መጣ። የፓሪስ ሰፊዎች ያን ጊዜ እኔን መኪና ላይ ተቀምጬ ቢያዩኝ ኖሮ ዱላቸውን ጥለው በሰላም ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። መኪና ብቻውን የማንንም እንጀራ እንደማይነጥቅ ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

መስከረም ሲቃረብ አማራጭ አጣሁ። የመኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ፈትቼ በፎጣ ጠቀለልኩና በባጃጅ ወደ ገበያው መንገድ ወሰድኩት። እዚያ በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። መንደሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሥራዬን ስለሚያውቁ ባለሙያው ይሉኛል። ልጄም ጉርዷን ልትለካ አብራኝ መጥታለች።

ጋሼ ፎጣውን ገለጡና ቦቢኑን ከነቤቱ አወጡ። የክሩን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው አንጠለጠሉት። ደህና የተስተካከለ ከሆነ የቦቢኑ ቤት በራሱ ክብደት አይወርድም፤ እጅን ነቅነቅ ሲያደርጉት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። የእኔው ተንደርድሮ ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

«ይቺን ብሎን ማን ነካት?» አሉ።

«ልጆች ሳይነኳት አይቀርም፣ ጋሼ።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ጋሼም ከኮቴ የደረት ኪስ ብቅ ያለችውን ካቻቢቴ አዩ።

«ልጆች አስቸጋሪ ናቸው» አሉ።

ብሎኗን በጥቂቱ አጠበቁና እንደገና አንጠልጥለው ሞከሩ። ከዚያ ላይኛውን ክር ሙሉ በሙሉ አወጡት። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ ካነሱ በኋላ ክሩን ከመጀመሪያው አንስተው እንደገና አስገቡት። «እግሩ ሲነሳ ቆርቆሮዎቹ ይከፈታሉ፤ ክሩም መሀላቸው ይገባል። እግሩ ወርዶ ሳለ ካስገባኸው ግን ተዘግተው ስለሚቆዩ ክሩ ጠርዛቸው ላይ ይቀራል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከገዛኋት ቀን ጀምሮ የማስገባው እግሩን አውርጄ ነው። ማጥበቂያውን ያን ሁሉ ምሽት ስጠመዝዝ መሀሉ ምንም ክር አልነበረም ማለት ነው።

ሲጨርሱ ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ክር አድርገው ቁራጭ ቴትሮን አጥፈው ሰፉበት። ላዩን አዩ፣ ገልብጠው ሥሩን አዩ። ማጥበቂያውን በትንሹ ዞር አደረጉ፤ እንደገና ሰፉ፣ እንደገና ገለበጡ፤ ነጩ በላይ፣ ሰማያዊው በታች ቀረ። በአንድ ጊዜ የሚነኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን የት እንደሰማሁት ለማስታወስ አልተቸገርኩም። ያዘዝኩላቸው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ሂሳብ ስጠይቃቸው «ከባለሙያ አልቀበልም» አሉ። ከዚያ ይልቅ እጥፍ ቢያስከፍሉኝ በወደድኩ። የልጄንም ጉርድ የሰፉት እሳቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የተማርኩ ሰው መሆን ነበረብኝ። የተማርኩት ግን የሰው ስፌት መገምገም ነው። ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው የኮት ጠርዝ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ። «የላይኛው ክር ላልቷል» እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሐኪም በሽተኛ ሳያስደነግጥ እንደሚናገረው። በቤታችን ያለችው መኪና ከዚያ ወዲህ የሰፋችው አንድ የትራስ ልብስ ብቻ ነው። እሱም አንድ ጎኑ ከሌላው ያጥራል፤ ለዚያ ደግሞ ማጥበቂያ አልተሠራለትም።

በቅርቡ ጎረቤታችን እትዬ ለበዓል የሚሆን መጋረጃ ሲሰፉ መኪናቸው ከሥር ክር እየከመረች አስቸገረቻቸው። ጠሩኝ። ዝግ ብዬ ገባሁ፤ እግሩን አነሳሁ፣ ክሩን አውጥቼ እንደገና አስገባሁ፣ በቁራጭ ላይ ሞከርኩ። ከላይም ከታችም ጥርት ያለ ስፌት ወጣ። «ሙያ በልብ ነው አሉ! ይህን ያህል ታውቃለህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ እትዬ፤ ቡናም አፈሉልኝ። ከማን እንደተማርኩት መናገር ይገባኝ ነበር። ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ልወጣ ስነሳ እጄ ኪሴ ገባ፤ ካቻቢቴዋን አገኘኋት።

«ከመጣሁ አይቀር እትዬ፣ የታችኛዋንም ብሎን ትንሽ ላስተካክልልዎ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት የእትዬ መኪና ራስ በነጠላ ተጠቅልሎ በባጃጅ ወደ ገበያው መንገድ ሲሄድ በመስኮት አየሁ። ደህና አደሩ ለማለት አልወጣሁም።