የኮሮና ባች

ጥብቅና በእግር ነው የሚለመደው። ከጋሼ ኋላ (ለረዳቱ ጋሼ ያልሆነ ጠበቃ የለም) መዝገብ ታቅፎ የልደታ ፍርድ ቤትን ደረጃ መውጣት፣ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ መጋፋት፣ ችሎት ጥግ ቁጭ ብሎ የማያገባንን ክርክር መስማት፣ ሲወጡ ደግሞ ኮሪደር ላይ «ምስክሩን ያቺን ጥያቄ ለምን ሳልጠይቅ እንደተውኳት ገባህ?» መባል። ዩኒቨርሲቲው በአምስት ዓመት ያልነገረን ነገር ሁሉ የሚነገረው እዚያ ኮሪደር ላይ ነበር። እኛ ታዲያ ሥራ የጀመርነው ኮሪደሩ ሰው በናፈቀበት ዓመት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ነው ተባለ፤ ሁለት ሳምንት ማንም ይችላል። ከዚያ ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። የሚታዩት አስቸኳይ ጉዳዮች ብቻ ሆኑ፦ የጊዜ ቀጠሮ፣ ዋስትና፣ አካልን ነፃ ማውጣት፣ የመሳሰለው። አስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ ለጀማሪ አይሰጥም። ሰው ታስሮ እያለ በሰው ነፃነት ላይ ማን ልጅ ያለማምዳል? ለእኛ የተረፈን መዝገቡ ለመቼ እንደተቀጠረ አጣርቶ ለደንበኛ መደወል ነበር። «እኔ የከፈልኩት ለጠበቃ ነው፤ ቀጠሮማ ማንም ይነግረኛል» ላሉኝ ሰውዬ መልስ የምሰጥበት አንቀጽ እስካሁን አላገኘሁም።

የባሰው ደግሞ ዘመድና ጎረቤት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ቁጥር 3/2012 ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 466/2012 ተከተለ፤ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። በዚያው ሰሞን አክስቴ ደወሉልኝ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት ያከራያሉ። «አንተ ልጅ፣ መንግሥት ቤቴን ወረሰው ማለት ነው?» እሳቸውን አረጋግቼ ስልኩን ከመዝጋቴ ተከራያቸው ደወለ። ቁጥሬን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ፈቃድ የለኝም፣ ረዳት ነኝ ብል ማን ሊሰማኝ! ሕግ የተማረ ሁሉ ጠበቃ ነው፤ ጠበቃ ደግሞ ለዘመድ ነፃ ነው።

ከዚያ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» መጣ። ከተማው ሁሉ ባንድ ሳምንት ሕግ አዋቂ ሆነ። የሠርግ አዳራሽ ተከራዩ፣ ዕቃ አስመጪው፣ የባንክ ተበዳሪው፣ ሁሉም ኮሮና ከዕዳ ነፃ ያወጣኛል ባይ ሆነ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር መሆን አለበት ይላል። ገበያ ቀዘቀዘ፣ ዕዳው ከበደኝ ማለት ብቻውን አያወጣም። ይህን በስልክ፣ ለተከፋ ሰው፣ መስመሩ እየተቆራረጠ አስረዳ እንግዲህ። በደህናው ጊዜ ቢሆን ከጠረጴዛው ማዶ «ጋሼ፣ ይቺ ነገር እንዴት ናት?» ብሎ በግማሽ ደቂቃ መገላገል ነበር። ቤት ስንሆን ግን ጋሼ ወይ ስልክ አያነሱም፣ ወይ አንስተው «አንብበው» ይላሉ።

ችሎቱ ቀስ በቀስ ሲከፈት ደግሞ በሩ ላይ ጥበቃው ቆሞ «ባለጉዳይ ብቻ» ይላል። ረዳት ባለጉዳይ ነው አይደለም የሚል ክርክር ከጥበቃ ጋር አይገጠምም። እንደ ምንም የገባንም ብንሆን ምን እናያለን? ጀማሪ ከችሎት የሚማረው ትልቁ ነገር የዳኛን ፊት ማንበብ ነው፤ የት ላይ እንደሰለቻቸው፣ የቱን ነጥብ እንደያዙት። ፊት በማስክ ተሸፍኖ ዓይንና ግንባር ብቻ ቀረ፤ ከግንባር ምን ይነበባል? ጠበቃው ካባውን ለብሶ በማስክ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ዳኛው «ድምፅ ይጨምሩ» ይላሉ፣ ምስክሩ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ይመሰክራል፣ ይገሠጻል፣ መልሶ ያደርገዋል፣ አሁን ደግሞ አይሰማም።

ሳኒታይዘሩስ! በር ላይ እጃችን ላይ ያፈሱልናል፤ ሳይደርቅ ሰነድ እንነካለን። የውክልና ማኅተም ያን የመሰለ ክብ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ በአውራ ጣት ልክ ደብዝዞ ሲቀር ያየ ያውቀዋል። ከዚያ «ማኅተሙ አይነበብም» ይባላል። እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ርቀት ጠብቁ።

በኢንተርኔት ሥሩም ተብለን ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012 እሱም ተዘጋ፣ ለሳምንታት። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የዚያን ሰሞን ግድያና ሐዘን የከበደ ስለነበር የእኛ ኢሜይል የሚወራ አይደለም።

ቢያንስ ቤት ቁጭ ብለን እናጥና ብንል ደግሞ የምናጠናው ሕግ ከእጃችን ይሻር ጀመር። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ስንሸመድድ ኖረን 1243/2013 መጣ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 25/1988 ወርዶ በ1234/2013 ተተካ። የጥብቅና ፈቃድ የምናወጣበት 199/1992 ራሱ ሄዶ ቦታውን 1249/2013 ያዘ። ሕጎቹ መታደሳቸውን አልጠላሁም፤ የንግድ ሕጉማ ድሮ መቀየር ነበረበት። ግን አንዱን ተፈትነንበት ሳንጨርስ ባይሆን ምን ነበረ?

አሁን ለፈቃድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስናስጽፍ «ያለማቋረጥ አገልግሏል» ተብሎ ይጻፋል። ፍርድ ቤቱ ሲቋረጥ እኛ አልተቋረጥንም ማለት ነው። ጋሼ ይህንኑ አንብበው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ይሰጡናል፤ ሳንወጣ ደግሞ ለጓደኛቸው «እነዚህ የኮሮና ልጆች እኮ ችሎት ይፈራሉ» ይላሉ።