ጥበብን ያለ ጥበብ የማስተማር ጥበብ

የአገራችን ትምህርት ቤት ፈጠራ የለውም የሚል ሰው ወደ ባሌ ብቅ ብሎ አያውቅም ማለት ነው። በሮቤና በጎባ ሥዕል ሳይሣል፣ ዜማ ሳይሰማ፣ ትከሻ ሳይነቀነቅ የሥዕል፣ የሙዚቃና የውዝዋዜ ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ሲሰጥ አይቻለሁ። ውጤትም ይሞላል፤ ደረጃም ይወጣል። ግኝቱ የባሌ ብቻ ነው ብዬ የሌላውን ድርሻ አልነጥቅም፤ አዲስ አበባም ጎንደርም የተካኑበት አሉ። የባሌው ግን የበለጠ ምስጋና ይገባዋል፤ እዚህ ልጅን ከጥበብ ማራቅ ከየትም ይልቅ ልፋት ይጠይቃልና።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ይዞ መጣ። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቴአትርና ሥዕል በአንድ መጽሐፍ ተጠረዙ። መጽሐፉ ደፋር ነው፤ ዘምሩ ይላል፣ ሣሉ ይላል፣ ተነሥታችሁ ተጫወቱ ይላል። ደግነቱ በመጽሐፉና በልጁ መካከል ጥቁር ሰሌዳ አለ።

ቀለምን እንውሰድ። መምህሩ በነጭ ጠመኔ «ቀይ + ቢጫ = ብርቱካናማ» ብለው ይጽፋሉ፤ ልጆቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይገለብጣሉ። ቀዩም ቢጫውም ብርቱካናማውም ክፍል አልገቡም፤ ትምህርቱ ግን በሰላም ተጠናቀቀ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይታያል። የዚያ አውሬ ጠጉር ቀይ ነው ወይስ ብርቱካናማ? ጥያቄው አደገኛ ነው። ልጁ መልሱን ለማግኘት ቀለም መበጥበጥ ይኖርበታል፤ ቀለም ከተበጠበጠ ደብተር ይቆሽሻል፤ ደብተር ከቆሸሸ ለሱፐርቫይዘሩ ምን ሊታይ ነው?

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ካስመረጡት መስፈርቶች አንዱ የተፈጥሮ ውበቱ ነበር። ለምዝገባው ሪያድ የተሰበሰቡ ሰዎች ውበቱን ከሩቅ መሰከሩለት። የጎባ ልጅ በመስኮት ያየዋል። ትኩር ብሎ ሲያይ ከተያዘ ግን «ዓይንህን ወደ ሰሌዳው!» ይባላል። ውበትን ለማየት ሪያድ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ እንዲያው መስኮት ሥር ተቀምጦ አይሆንም።

ሙዚቃውም እንዲሁ ተሳክቷል። «የኢትዮጵያ ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ» ተብሎ ተጻፈ፣ ተገለበጠ፣ ተሸመደደ። ከአራቱ አንዱም አልተሰማም። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች መሆናቸውን የሰማ ጎበዝ ተማሪ ካርታ ላይ ቢፈልጋቸው አይፈረድበትም። በመምህሩ ስልክ አራቱንም ማሰማት እንደሚቻል ይገባኛል፤ ነገር ግን ጎረቤት ያለው ክፍል ይረበሻል። ጎረቤት ያለው ክፍል ምን እየተማረ ነው? ሙዚቃ። በጸጥታ።

ስሟን በማልጠራት ትምህርት ቤት የደረሰውን ደግሞ ስሙ። የፈተናው ጥያቄ «ከበሮ ከየትኛው የሙዚቃ መሣሪያ ምድብ ይመደባል?» ይላል፤ ሀ. የክር፣ ለ. የትንፋሽ፣ ሐ. የምት፣ መ. መልሱ አልተሰጠም። አንድ ልጅ ጥያቄው ላይ ሲያስብ ጣቶቹ ሳይታወቀው ዴስኩን ይመቱ ጀመር። ምቱ አልተዛነፈም፤ ሠርግ ቤት ሲመታ ሰምቶ የያዘው ነው። ፈታኙ «ዴስክ አትደብድብ!» ብለው አስነሡት። በዚህ መሐል ደወል ተደወለ፣ «ሐ» ሳይከበብ ቀረ። ልጁ የምት መሣሪያ አያውቅም ተብሎ ዜሮ ተሞላለት። ፍትሕ ማለት ይኸው ነው፤ በከበሮ ላይ ለቀረበ ጥያቄ ከበሮ በመምታት መመለስ ኩረጃ ሳይሆን አይቀርም።

የትምህርት ዕቅዱም አይነቀፍም። «የመርጃ መሣሪያ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ሳምንት በሳምንት «ከአካባቢ የሚገኙ ቁሳቁሶች» ተብሎ ይጻፋል። ቁሳቁሶቹም ቃላቸውን አክብረው በአካባቢው ይገኛሉ፤ ጭቃው ወንዝ ዳር፣ ከሰሉ ማድቤት፣ ገለባው ማሳ ላይ። ሲናናን የሚያህል የስንዴ አገር ይዞ ገለባ ቸገረን የሚል የለም። ክፍል ድረስ መምጣታቸው ግን በዕቅዱ አልተጻፈም።

ማን ያስተምራል ቢባል፣ ክፍለ ጊዜ የጎደለው ያስተምራል። የሒሳብ መምህሩ ሳምንታዊ ድርሻ ካልሞላ በሥዕል ይሟላል። ፈተና ሲቃረብ የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። ሒሳብ ከሥዕል ይበደራል፤ ሥዕል ከሒሳብ ተበድሮ አያውቅም።

ኪነት ጨርሶ ጠፍቷል እንዳይባል፣ እንግዳ ሲመጣ አለ። ከዞን ወይም ከክልል እንግዳ ይመጣል የተባለ ቀን፣ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆንና ሒሳቡም ሳይንሱም ይዘጋል። ዴስክ መታህ ተብሎ የተቀጣው ልጅ ተፈልጎ ከበሮ ይሰጠዋል። ሴቶቹ የባህል ልብስ ተውሰው፣ ግጥም ተሰጥቷቸው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። እንግዳው አርፍደው ይደርሳሉ፤ በስልካቸው ይቀርጻሉ፤ «ባህላችሁን እንዲህ ጠብቁ» ብለው ይሄዳሉ። ከበሮው ወደ ንብረት ክፍል ይመለስና ይቆለፍበታል። ጥበብ ትምህርት ማቋረጥ ይችላል፤ ትምህርት መሆን ነው የተከለከለው።

የሚያስደንቀኝ ይህ ሁሉ የት ሆኖ እንደሚፈጸም ነው። የባሌ ልጅ ሰባት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ጮጮ ስትሰፋ ጥለቱን በዓይኑ ተከትሏል። የሲንቄ በትር የያዙ ሴቶች ተሰብስበው ሲያዜሙ ሰምቷል። ለዚያራ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ሰዎች ባላ በትራቸውን ይዘው እያወደሱ ሲያልፉ አይቷል። ፈረስ በጌጥ ሲሸለም፣ ጎባ ላይ በጥምቀት ጸናጽል ሲያነሱ፣ ቁርአን ቤት ሉህ ላይ በቀለም ሲጻፍ ያውቃል። ይህን ሁሉ ይዞ አንደኛ ክፍል ይገባል። በስድስት ዓመት ውስጥ ያንን አራግፎለት ከስድስተኛ ክፍል ባዶ እጁን ማስወጣት ቀላል ሥራ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ የሚማረውም በአማርኛ የሚማረውም በዚህ አይበላለጡም፤ በቋንቋ ስንከራከር የኖርነው ሰዎች በዝምታው ተስማምተናል።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። ቂሜ ከመምህሩ ጋር አይደለም። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ሳይሠለጥኑበት፣ አንዲት ብሩሽ ሳይሰጣቸው አስተምሩ የተባሉ ሰው ከሰሌዳ ሌላ መጠጊያ የላቸውም። ነገር ግን ሮቤ የመምህራን ኮሌጅም መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ያለባት ከተማ ናት። የሠለጠነ መምህር እስኪገኝ ጮጮ የምትሰፋ እናት ክፍል ገብታ አርባ ደቂቃ ብታሳይ የሚከለክላት መመሪያ የለም። የጠራት ሰው ነው የሌለው።

እንግዲህ ዘዴው ይህን ያህል ከሠመረ በክፍል ብቻ ለምን ይወሰናል? ሠርጋችንም በዚሁ ይመራ። ሙሽራዋ ስትገባ ሚዜዎቹ እስክሪብቶ ያውጡ፤ አንድ አዛውንት የእልልታን ትርጉም፣ ጥቅምና ዓይነቶች ያስጽፉ፤ ሠርገኛው በጸጥታ ገልብጦ ይበተን። ጎረቤት አይረበሽም፤ ወጪ ይቀንሳል።

ለመዝጊያ የተለመደውን ዓይነት አንድ ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ። ተፈታኞቹ ርዕሰ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና እኛ ወላጆች ነን።

የባሌ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የማይሥለው ለምንድን ነው?
ሀ. ቀለም ስለሌለ
ለ. ጊዜ ስለሌለ
ሐ. ተሰጥኦ ስለሌለው
መ. ሣል ያለው ሰው ስለሌለ

መኮራረጅ አያስፈልግም። ሀን፣ ለንና ሐን ከቦ ያልኖረ በመካከላችን የለም።